ሽጉጥ መሳዩ መበየጃ፦ የትኛውን እንግዛ፣ ምን እንሥራበት?

(በጎተራ የማኅበራችን ወርሃዊ ስብሰባ ላይ ከአባላቱ አንዷ ያደረገችው ንግግር። ለዚህ እትም ሲዘጋጅ ከጥቂት ማሳጠር በቀር እንዳለ ቀርቧል።)



ባለፈው ወር ከቁጠባችን ትንሽ ገንዘብ ተነሥቶ የጋራ መሥሪያ ዕቃ ይገዛ ሲባል ፒንሳው፣ ካቻቢቴውና ቴስተሩ ላይ ማንም አልተከራከረም። ክርክር የተነሣው መበየጃው ላይ ነው። ግማሾቻችሁ «እሳት ያስነሣል፣ ደግሞም የወንድ ሥራ ነው» አላችሁ። ሌሎቻችሁ «መርካቶ ያየነው ሽጉጥ የሚመስለው ይገዛ» አላችሁ። እኔ በወንድሜ የሬዲዮና የቴፕ መጠገኛ ቤት ለዓመታት ስለሠራሁ «አንቺ አስረጂን» ተባልኩ። እነሆ ላስረዳ። ንግግሬ ሲያልቅ እጅ አውጥታችሁ ትወስናላችሁ፤ ይገዛ ብላችሁም፣ ይቅር ብላችሁም ቅር አይለኝም። ሳታውቁት ከምትገዙት ግን አውቃችሁ ብትተዉት እመርጣለሁ።

መጀመሪያ ስሙን እናጥራ። «ብየዳ» ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው በር ሠሪው ጥቁር መነጽር አድርጎ ብልጭታ የሚረጭበትን ነው። እሱ ብረቱን ራሱን አቅልጦ ነው የሚያጋጥመው። የእኛ ሌላ ነው፤ ሠራተኞቹ «ሶልደር» ይሉታል። የምናገናኛቸው የመዳብ ሽቦዎች አይቀልጡም፤ መዳብ ለመቅለጥ 1085 ዲግሪ ይፈልጋል። የሚቀልጠው በመሃላቸው የምናስገባው ለስላሳ ቅይጥ ብቻ ነው። በብዛት የሚሸጠው 60 እጅ ቲን፣ 40 እጅ እርሳስ የሆነው ነው፤ እሱም ከ183 እስከ 190 ዲግሪ ባለው ውስጥ ይቀልጣል። ቀልጦ የሞቀውን መዳብ ያለብሰዋል፣ ሲቀዘቅዝ ይጨብጠዋል፣ ኮረንቲም በላዩ ያልፋል። ሥራው ይኸው ነው። ጉልበት አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው የረጋ እጅና ትዕግሥት ነው። ጥልፍ የምትጠልፉ፣ ሹሩባ የምትሠሩ እህቶች እዚህ ተቀምጣችሁ «የወንድ ሥራ ነው» ስትሉ ሳቄን ነው ያመጣችሁት።

አንድ ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም። በአገራችን ብረት የሚያቀልጥና ሸክላ የሚሠራ ሰው ምን ስም ሲሰጠው እንደኖረ ታውቃላችሁ። የቀጨኔ ሸክላ ሠሪ እናቶች እንጀራችንን የምንጋግርበትን ምጣድ፣ ቡናችንን የምናፈላበትን ጀበና እየሠሩልን ሲሰደቡ ኖረዋል። ዳግማዊ ምኒልክ ባለሙያን መስደብ ይቅር ብለው አዋጅ ካስነገሩ ከመቶ ዓመት በላይ አለፈ። ስድቡ ዛሬ በአደባባይ ባይሰማም፣ እጅን ከእሳትና ከብረት ማራቅ እንደ ጨዋነት የሚቆጠርበት ጊዜ ገና አላለፈም። ወደ ጉዳዬ ልመለስ።

ለምን ያስፈልገናል? በዚህ ሰፈር፣ በተለይ በኮንዶሚኒየሙ፣ ቻርጅ የሚደረግ መብራት የሌለው ቤት የለም። መብራት ሲሄድ ልጆች የሚያጠኑት በእሱ ነው። የእሱ በሽታ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከባትሪው ወደ ውስጥ የምትሄድ ክር የመሰለች ሽቦ መላቀቅ ነው። አንዲት ጎረቤቴ እንዲህ ያለ መብራት ይዛ ወደ ጥገና ብትሄድ «ቦርዱ ተቃጥሏል፣ አዲስ ግዢ» ተባለች። ገዛች። የድሮውን ልትጥለው ስትል ተቀብያት ብከፍተው ቀይዋ ሽቦ ከቦታዋ ተላቃ ነው የተገኘችው። ሦስት ሰከንድ የማይፈጅ ብየዳ ነበር። ጠጋኙን ሌባ አልለውም፤ ምናልባት ሳይከፍተው ነው የተናገረው። እሷ ግን ከፍታ ማየት ብትችል ኖሮ ያ ገንዘብ የአንድ ሳምንት ቁጠባዋ ነበር። የሬዲዮ ባትሪ ቤት ውስጥ ያለችው ሽቦ፣ የጆሮ ማዳመጫ፣ የልጆች መጫወቻ፣ የስፌት መኪና ሞተር ላይ የተላቀቀች ሽቦ፣ የራስጌ መብራት፣ እነዚህ ሁሉ የዚያው ዘመድ ናቸው።

አሁን ወደ ሽጉጡ እንምጣ። ከጠመንጃ ያዥ ሰፈር አጠገብ ሆነን ስለ ሽጉጥ ማውራታችን ነውር የለውም፤ ብቻ ገዝታችሁ ስትመለሱ ሕንፃ በር ላይ ፍተሻ ካጋጠማችሁ አስቀድማችሁ ከቦርሳ አውጥታችሁ አሳዩ።

ይህችን መሣሪያ የፈለሰፋት ካርል ዌለር የሚባል አሜሪካዊ የሬዲዮ ጠጋኝ ነው። የፈጠራ ማመልከቻውን ያስገባው እ.ኤ.አ. በ1941፣ የባለቤትነት መብቱን ያገኘው በ1946 ነው። ያስቸገረው ነገር እኛንም የሚያስቸግረን ነው። ብዕር መሳዩ መበየጃ እስኪግል ደቂቃዎች ይፈጃል፣ ከጋለ በኋላም ሥራ ቢኖርም ባይኖርም እንደጋለ ይቀመጣል። የዌለር ሽጉጥ ግን ምላጩ ሲሳብ በጥቂት ሰከንድ ትግላለች፣ ሲለቀቅ መጋሏን ታቆማለች።

ምሥጢሩ ሆዷ ውስጥ ያለው ትራንስፎርመር ነው። ከግድግዳ የሚመጣውን 220 ቮልት ከአንድ ቮልት በታች ያወርደዋል፤ ቮልቱ በወረደው ልክ ኮረንቲው ይበዛና በመቶ የሚቆጠር አምፔር ይሆናል። ያ ሁሉ በአፍንጫዋ ላይ በታጠፈችው የመዳብ ሽቦ ውስጥ ሲያልፍ ሽቦዋ ትግላለች። ጫፉ ላይ ያለው ቮልት ከአንድ የእጅ ባትሪ ድንጋይ ያነሰ ስለሆነ ጫፉ በኮረንቲ አይዝም፤ ማቃጠል ግን ያቃጥላል።

ሱቅ ስትገቡ መጠንቀቅ ያለባችሁ እዚህ ላይ ነው። ሽጉጥ የሚመስል ሁሉ ሽጉጥ አይደለም። መያዣው እንደ ሽጉጥ የተቆለመመ፣ ጫፉ ግን እንደ እስክሪፕቶ አንድ ብቻ የሆነ ቀላል ፕላስቲክ አለ። ጎኑ ላይ «20/130 ዋት» ወይም እንደዚያ ያለ ሁለት ቁጥር ይጻፍበታል። እሱ ትራንስፎርመር የለውም፤ ብዕር መሳዩ ነው መያዣውን ቀይሮ የመጣው። ቁልፉን ሲጫኑት ቶሎ ይሞቃል፣ ሲለቁት ግን አይጠፋም፤ በትንሹ ዋት እየሞቀ ይቆያል። መጥፎ ዕቃ ነው አልልም። ሽጉጥ ነው ብላችሁ ምላጩን ለቃችሁ ጠረጴዛ ላይ ብትተዉት ግን አደጋ ነው። እውነተኛው ሽጉጥ በእጅ ሲያዝ ይከብዳል፣ ሆዱ ውስጥ ብረትና መዳብ ስላለ። አፍንጫው ላይ ደግሞ ሁለት ዘንጎች ወጥተው በአንዲት የታጠፈች ሽቦ ይገናኛሉ። ሁለት ዘንግ ካላያችሁ አትግዙ።

ቀጥሎ ከጎኑ የተለጠፈውን ጽሑፍ አንብቡ፣ ካልታያችሁ የልጆቻችሁን ዓይን ተዋሱ። 220 ወይም 220-240 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ማለት አለበት። ይህን የምለው ከአሜሪካ የሚላክ ዕቃ በየቤታችን ስላለ ነው። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት ነው። ዘመድ በሻንጣ ያመጣላችሁን የዚያ አገር ሽጉጥ እኛ ግድግዳ ላይ ብትሰኩት ሁለት እጥፍ ያህል ቮልት ይገባበትና ምላጩን እንደሳባችሁ ይቃጠላል። የሶኬቱን ጥርስ የሚቀይር ትንሽ ማገናኛ ጥርሱን እንጂ ቮልቱን አይቀይርም። ይህን ጽሑፍ ውጭ አገር ላሉ እህቶቻችን የምትልኩላቸው ከሆነ ለእኛ ሽጉጥ እንዳይገዙ ንገሩልኝ፤ ጥሩ የሶልደር ሽቦ ቢልኩ ግን እንመርቃቸዋለን።

ዋቱን በተመለከተ ለቤት 100 ዋት አካባቢ ይበቃል። ከዚያ የሚበልጠው ለወፍራም ገመድና ለቆርቆሮ ነው። ባለ ሱቁ ሶኬት ላይ ሰክቶ እንዲያሳያችሁ ጠይቁ፣ አትፈሩ። ምላጩን ስባችሁ አሥር ሰከንድ ባልሞላ ጊዜ የሶልደር ሽቦ ጫፉ ላይ ሲነካ መቅለጥ አለበት። ካልቀለጠ መጀመሪያ ጫፉን የያዙትን ሁለት ብሎኖች አጥብቁና ድገሙት። ሽጉጥ «አልሞቅ አለ» ከሚባልበት ጊዜ ብዙው ብሎኑ ስለላላ ነው። ትርፍ ጫፍ አብሮት ካለ ጥሩ፤ ከሌለም የቤት መብራት የሚዘረጋበትን ባለ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ድፍን የመዳብ ሽቦ ልጣችሁ፣ በአሮጌው ቅርጽ አጥፋችሁ ብታስገቡት ለጊዜው ይሠራል። ምናለሽ ተራ ለምትደራደሩ እህቶች፦ አሮጌ ሽጉጥ በጥሩ ዋጋ ይገኛል፣ ገመዱ ከተሰነጣጠቀ ግን ተዉት። የዋጋውን ነገር አልናገርም፤ ዛሬ የጠራሁት ዋጋ ይህ እትም እስኪወጣ ያረጃል። ገዢ ኮሚቴው ባቡሩ ካለ ከጠመንጃ ያዥ ተሳፍሮ ሰባተኛ ቢወርድ ለመርካቶ ይቀርበዋል።

አሁን ሽጉጡ ይገዛ ለምትሉት የማይስማማችሁን ልንገራችሁ። ሽጉጥ ለሽቦ እንጂ ለቦርድ አይሆንም። የሬዲዮ ወይም የሞባይል ቦርድ ላይ የመዳቡ መስመር እንደ ወረቀት የተለጠፈ ነው፤ በሽጉጥ ስትነኩት ከመጠን በላይ ይሞቅና ተገንጥሎ ይነሣል። ሽጉጡ ስለሚከብድም ጫፉ ይንቀጠቀጣል። ለቦርድ ከ30 እስከ 60 ዋት ያለ ብዕር መሳይ ያስፈልጋል፣ ሙቀቱ የሚስተካከል ከሆነ ደግሞ ይመረጣል። ሽጉጡን ያለማቋረጥ መሳብም አይቻልም። አንዳንዱ ላይ «12 ሰከንድ ሥራ፣ 48 ሰከንድ ዕረፍት» የሚል ተጽፎ ይገኛል፤ ባይጻፍበትም እንደተጻፈበት አድርጋችሁ ያዙት።

እንዲህ ሆኖ ሳለ ለማኅበራችን መጀመሪያ የሚገዛው ሽጉጡ ይሁን እላለሁ። ምክንያቴ ፍጥነቱ አይደለም፤ የዚህ ከተማ መብራት ነው። ብዕር መሳዩን ሰክተን ስንሠራ መብራት ይሄዳል። ጨለማ ውስጥ ሻማ ስንፈልግ፣ ልጅ ስናባብል መበየጃው ይረሳል። ሌሊት ስምንት ሰዓት መብራት ሲመጣ እኛ ተኝተናል፣ እሱ ግን ጠረጴዛ ላይ፣ ጨርቅ አጠገብ፣ መጋል ይጀምራል። ጫፉ ከ300 ዲግሪ በላይ ይደርሳል። በኮንዶሚኒየም አንድ ቤት ሲቃጠል ከላይና ከታች ያለውም ይቃጠላል። ሽጉጡ ግን ምላጩን የሚስብ ጣት ከሌለ መብራት ቢመጣም ዝም ይላል። ብዕር መሳዩን በኋላ ስንገዛው ሕጉ አንድ ነው፦ መብራት በሄደባት ሰከንድ፣ ሻማ ከመፈለግ በፊት፣ ሶኬቱ ይነቀል።

ስለ መብራት ካነሣን፣ ቮልቱ በወረደበት ምሽት መበየጃው አልሞቅ ቢላችሁ አትገረሙ። ከ220 ወደ 180 ቢወርድ ባለ 60 ዋቱ የሚሠራው እንደ 40 ዋት ነው። ጫፉን እየተጫናችሁ አትታገሉት፤ ሽቦውን ታበላሻላችሁ እንጂ ሙቀት አይጨምርም። የበዓል ዋዜማ ሁሉም ምጣዱን ሰክቶ ሳለ አትበይዱ፣ በማግሥቱ ጧት ሥሩ። ለቆጣሪው የምትጨነቁም አትጨነቁ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል፤ አንድ ሰዓት በጋገራችሁበት ባለ 60 ዋቱ መበየጃ ከ50 ሰዓት በላይ ይሠራል።

አሠራሩን በሚቀጥለው ጊዜ በእጃችን ስለምንሞክረው ዋናውን ብቻ ላንሣ። የምትጠግኑት ዕቃ ከሶኬት ይነቀል። ማጥፊያውን መጫን አይበቃም፣ ይነቀል፤ ባትሪ ካለውም ባትሪው ይውጣ። ከዚያ ሽቦውን ልጡና እስኪያብረቀርቅ ፋቁት፤ የጠቆረና ቅባት የነካው መዳብ ሶልደር አይቀበልም። ሁለቱን ሽቦዎች መጀመሪያ በደንብ አጠላልፉ፣ እንደ ሹሩባ። ብየዳው መዳቡን ያትማል እንጂ ጉተታ እንዲችል አይደለም። በሙቀት የሚኮማተረውን የፕላስቲክ ቱቦ የምትጠቀሙ ከሆነ ከመበየዳችሁ በፊት ሽቦው ላይ አጥልቁት፤ ከበየዳችሁ በኋላ መግቢያ የለውም።

የመበየጃውን ጫፍ አስቀድማችሁ ትንሽ ሶልደር አልብሱት፤ ደረቅ ጫፍ ሙቀት አያስተላልፍም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቀጥሎ ባለው ነው። ሶልደሩን ጫፉ ላይ አቅልጦ ሽቦው ላይ ያንጠባጥበዋል። ያ እንደ ሰም ይቀመጣል እንጂ አይዝም። ሽቦውን ከታች በጫፉ አሙቁት፣ ሶልደሩን ከላይ ሽቦውን ራሱን አስነኩት። መዳቡ በቂ ሲሞቅ ሶልደሩ ራሱ እየተሳበ ይገባል፤ ዘይት ጨርቅ ውስጥ ሲገባ እንደምታዩት ነው። ሁለት ሦስት ሰከንድ ነው። ሶልደሩን አንሡ፣ ከዚያ ጫፉን፣ ከዚያ እስኪረጋ ድረስ ሽቦውን አታንቀሳቅሱ። በእስትንፋሳችሁ «እፍ» አትበሉበት። በእርሳስ ሶልደር የተሠራ ጥሩ ብየዳ ያብረቀርቃል፣ ጠርዙም ወደ ሽቦው ቀስ እያለ ይሳሳል። የደፈረሰ፣ የተንጠረበበ፣ እንደ ኳስ የተቋጠረ ከሆነ ሳይሞቅ የተበየደ ነው። ዛሬ ይሠራል፣ ሬዲዮው ሲንቀሳቀስ ይቋረጣል። እንደገና አሙቁት።

ሶልደሩ መሃሉ ውስጥ ሙጫ ያለበት ይሁን፤ ከጥድ ሙጫ የሚሠራው ነው፣ መዳቡን እያጠበ ይሄዳል። ለውሃ ቧንቧ የሚሸጥ አሲድ ያለበት ፓስታ አለ፣ እሱን ለኤሌክትሪክ ሽቦ እንዳትገዙ። ዛሬ ያበየደው ፓስታ ከወራት በኋላ ሽቦውን በልቶት ታገኙታላችሁ።

አሁን በዚህ መሣሪያ የማይነካውን ልናገር፤ ሌላው ቢረሳ ይህ እንዳይረሳ።

ምጣድ። እንጀራ ጋግረው ከሚያድሩት አባሎቻችን አንዷ የምጣዷ ገመድ ሲበጠስ አንድ ሰው በሶልደር በይዶ፣ በፕላስተር ጠቅልሎ ሰጣት። ብየዳው ለዓይን ያማረ ነበር። ሁለት ቀን ጋገረችበት። በሦስተኛው ቀን ፕላስተሩ ቀልጦ ጭስ ወጣ፣ ደግነቱ አጠገቡ ነበረች። ለምን እንደሆነ እናስላው። 3500 ዋት ለ220 ሲካፈል 16 አምፔር ገደማ ነው፤ ያም ለሰዓታት ሳይቋረጥ የሚያልፍ ነው። መጋጠሚያው ትንሽ እንኳ ከላላ ይሞቃል፤ ሶልደሩ ደግሞ በ183 ዲግሪ የሚቀልጥ ነገር ነው፣ ከዚያ በፊትም ይለሰልሳል። ሲለሰልስ መጋጠሚያው የበለጠ ይላላል፣ ሲላላ የበለጠ ይሞቃል። ስለዚህ የምጣድ፣ የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ የካውያ ገመድ በሶልደር አይቀጠልም። የተበላሸው ተቆርጦ ይጣልና ንጹሕ መዳብ እስኪገኝ ድረስ ተልጦ በብሎን ማጥበቂያ ይታሰራል፤ ካልደረሰ ገመዱ ሙሉ በሙሉ በወፍራም ይቀየራል። ይህንም የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይሥራው። «ብሎን ውስጥ ከመግባቱ በፊት ጫፉን ሶልደር ላልብሰው፣ ክሮቹ እንዳይበተኑ» የሚላችሁ ካለም እሺ አትበሉ። ሶልደር በብሎን ሲጨመቅ ቀስ በቀስ ይሸሻል፣ ዛሬ የጠበቀው ብሎን ከወር በኋላ ልል ይሆናል። ምጣዱ ውስጥ ያለው ጥምዝምዝ ሽቦ ሲበጠስም ነገሩ ያው ነው፤ እሱ ሲሠራ የሚግለው ሶልደር ከሚቀልጥበት በብዙ እጥፍ በላይ ነው። ሶኬቱ የጠቆረ፣ ዲቫይደሩ የቀለጠ ካለ ምጣዱን ዛሬውኑ ከዲቫይደር አውጡት።

ቴሌቪዥንና ማይክሮዌቭም ክልክል ነው። ከሶኬት ከተነቀሉ በኋላ እንኳ ውስጣቸው የተጠራቀመ ኮረንቲ ሰው ይገድላል። የሊትየም ባትሪን ገላ በመበየጃ መንካትም አይፈቀድም፣ ይፈነዳል፤ ባትሪው ላይ ቀድሞ የተሠራችውን ሽቦ ጫፍ መበየድ ነው የሚቻለው።

ሁለተኛው የእሳት ጉዳይ ሳይሆን የእርሳስ ጉዳይ ነው። እርሳስ ለልጅ አእምሮ መርዝ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳት የማያደርስ ተብሎ የሚታወቅ መጠን የለውም ይላል። በነፍሰ ጡር እናት ሰውነት ውስጥ ከገባ ወደ ጽንሱ ያልፋል። ብዙዎች የሚፈሩት ጭሱን ነው። ጭሱ የሚመጣው ግን በአብዛኛው ከሙጫው ነው፤ አስም ያለባትን ያስቸግራል፣ መስኮት ይከፈት፣ ፊታችሁንም ከላዩ አንሡ። መበየጃው በሚደርስበት ሙቀት እርሳሱ አይተንም። የሚገባው በእጅ ነው። ሶልደሩን ያገላበጠች ጣት ቆሎ ስታነሣ፣ ጉርሻ ስትጠቀልል፣ የሕፃን አፍ ስትጠርግ። ስለዚህ በሥራ መሃል ቡና የለም። አውቃለሁ፣ ከባድ ሕግ ነው። ሥራው ሲያልቅ እጅ በሳሙና ይታጠባል፣ ጠረጴዛው በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል፣ ጨርቁ ይጣላል፣ ከዚያ ቡናው ይፈላል። እንጀራ የሚቀርብበት ጠረጴዛ ላይ፣ ሬካቦት አጠገብ አይበየድም። ነፍሰ ጡር የሆናችሁና የምታጠቡ እህቶች በዚህ ጊዜ ከመበየዱ ራቁ። በቴስተር መፈተሹንና ሽቦ መላጡን ግን ለእናንተ ትተንላችኋል፣ እሱ ነው ጭንቅላት የሚጠይቀው።

ከዚሁ ጋር፣ የሚያፈስ ማንቆርቆሪያ፣ ድስት ወይም የውሃ ጣሳ በዚህ ሶልደር አትድፈኑ። ሻይ ሲፈላበት እርሳሱ ወደ ሻዩ ይሄዳል። አሉሚኒየሙ ማንቆርቆሪያ እንኳን ይህን ሶልደር ጨርሶ አይቀበልም፤ ሌላው ግን ይቀበላል፣ ችግሩም እሱ ነው። «ሌድ ፍሪ» የሚል ጽሑፍ ያለበት እርሳስ አልባ ሶልደር ገበያ ላይ ካገኛችሁ በዋጋው አትከራከሩ፣ ግዙት። ከ217 እስከ 227 ዲግሪ ስለሚቀልጥ ትንሽ ይከብዳል፣ ሲረጋም እንደ እርሳሱ አያብረቀርቅም፤ ድፍርስ ብሎ ብታዩት ተበላሸ ብላችሁ ደጋግማችሁ አታቃጥሉት። ልጆች የሚርመሰመሱበት ቤት ላለን ግን የሚመረጠው እሱ ነው።

ቢያቃጥላችሁስ? ጫፉ ከእጅ ካመለጠ ለመቅለብ አትሞክሩ፣ ይውደቅ፤ መሣሪያ ይገዛል። የተቃጠለው ቦታ ወዲያው ቀዝቃዛ የቧንቧ ውሃ ሥር ሃያ ደቂቃ ይቆይ። የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤ፣ ሊጥ፣ እንቁላል አይቀባም። የዛሬ ሃያ ዓመት እናቶቻችን ቀብተውን ድነናል የምትሉኝን ሰምቻለሁ፤ የዳናችሁት ከቅባቱ ጋር ነው እንጂ በቅባቱ አይደለም። ውሃ የማይኖርበት ቀን ስላለ አንድ ጄሪካን ሞልቶ ከጎን ይቀመጥ።

ሐሳቤ እንግዲህ ይህ ነው። አንድ ባለ 100 ዋት ሽጉጥ፣ አንድ ጥቅል ሶልደር፣ ናስትሮና የሚኮማተር ቱቦ። ብዕር መሳዩ ሬዲዮ መክፈት የለመዱ ሦስት አራት አባላት ሲኖሩን ይገዛል። ሳጥን ሙሉ ተብሎ ሃያ ዓይነት ዕቃ የታጨቀበትን አትግዙ፤ ግማሹ የማይሠራ፣ ግማሹ የማንጠቀምበት ነው። መሣሪያው በየቤቱ አይዞርም፣ እዚሁ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎ ይቀመጣል፤ ወሳጅና መላሽ መዝገብ ላይ ይፈርማሉ። ጠለቅ ብላ መማር የምትፈልግ ወጣት ካለች ተግባረ ዕድ ሩቅ አይደለም፣ ስሙም ራሱ የእጅ ሥራ ማለት ነው።

ከተስማማችሁ በሚቀጥለው ቅዳሜ የተበላሸ ቻርጅ የሚደረግ መብራት፣ ሬዲዮ፣ የጆሮ ማዳመጫ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ። ባትሪውን ቤት አውጥታችሁ ኑ። እኔ ለመለማመጃ የሚሆን ቁርጥራጭ ሽቦ አመጣለሁ። ረጅም ፀጉር ይታሰር፣ ነጠላው በር ላይ ይሰቀል። ምጣድ ይዛችሁ እንዳትመጡ፤ ልጆቹንም ለጎረቤት ስጡ።